«በሞቴ፣ አንድ ሼር ብቻ!»

መድሃኔና አበልጁ ዓምደ ሚካኤል አንድ በር ላይ እኩል ከደረሱ፣ በሩ ለጊዜው ከአገልግሎት ውጪ ሆነ ማለት ነው። «ቅደም።» «ኧረ አንተ ቅደም።» «በሞቴ!» «አንተ ቆመህ? አይደረግም!» ይባባላሉ፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ይረዝማል። ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ውስጥ አንድ ባንክ በር ላይ የጀመሩት መገባበዝ ባንኩ ሥራ እስኪያበቃ ዘልቆ፣ ሁለቱም ብር ሳያወጡ ተመለሱ እየተባለ ይወራል። መድሃኔ ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። «ሰው ሲያጋንን! አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም» ይላል።

ሁለቱ የተገናኙት ሲታክ ኤርፖርት፣ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ነው። መድሃኔ ወላጆቹ ከኤርትራ መጥተው ተክለ ሃይማኖት ሰፈር የወለዱት የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ይሉኝታው ረጅም። ያ ይሉኝታ ታክሲ ላይ ቢጫን አራቱንም ጎማ ያስተነፍሳል። ዓምደ ሚካኤል ደግሞ ድምፁ ሽማግሌ ሆኖ የተወለደ የሚመስል፣ ገና ጎረምሳ ሳለ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ይጠራ የነበረ ሰው ነው። የመድሃኔን ልጅ ኢሳቅን ክርስትና ካነሳ ወዲህ በስም መጠራራት ቀረና «አበልጄ» ብቻ ሆነ።

መድሃኔ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እግሩን አንሰራፍቶ ቆሞ «የኛ ነው» የሚለው መሬት። አዲስ አበባ ያደገው የኪራይ ቤት ነው፤ ሲያትል የነዳው የኪራይ ታክሲ፣ ስካይዌይ የሚኖርበት የኪራይ አፓርትመንት ነው። የተዳረበት ሱፍ እንኳ የኪራይ ስለነበር፣ ቀለበት ሲያደርግ ሐሳቡ የነበረው ወጥ እንዳይንጠባጠብበት ነው። እና ወገን ፓርኪንግ የሚባለው ካምፓኒ ሲቋቋም ከሁሉ ይበልጥ ያበደው እሱ ቢሆን አይፈረድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስልክ የሚጠራው መኪና መጥቶ ታክሲውን ድራሹን ሲያጠፋው፣ አሥር ሾፌሮች ያላቸውን አዋጡና ከኤርፖርቱ አጠገብ አንድ ሜዳ ገዙ። ሜዳው ከጉድጓዱ ብዛት የተነሳ ጨረቃ ትቀናበታለች። መንገደኛ መኪናውን እዚያ ፓርክ ያደርጋል፣ ቫን ኤርፖርት ያደርሰዋል፤ ከሄደበት ሲመለስ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲነዱ የኖሩት ሰዎች በቆመ መኪና ገንዘብ መግባት ሲጀምርላቸው፣ እስካሁን ምን ሲያካልባቸው እንደኖረ ገረማቸው። ጠበቃ ቀጠሩ፤ ካምፓኒ ሆኑ። መቶ ሼር ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አሥር አሥር ደረሰው። ዓምደ ሚካኤል ሊቀመንበር ሆነ፤ የመረጠው ሰው አልነበረም፣ ድምፁ መረጠው። መድሃኔ ቫኑን ያዘ። ተሳፋሪ በገባ ቁጥር በእንግሊዝኛው «ወደኛ ሜዳ እንኳን በደህና መጡ» ይላል፤ «የኛ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ቫኑ እንኳ ቀስ ይል ነበር።

ከአሥሩ አንዷ ቶይባ ናት። የደሴ ልጅ፣ ከሾፌሮቹ ብቸኛዋ ሴት፤ አሁን ሊንውድ ትንሽ ሱቅ አላት። ያንን ምላስ ይዛ የኤርፖርቱን ፍተሻ እንዴት እንደምታልፍ እንጃ።

የመጀመሪያው ትርፍ የተገኘ ዕለት ዓምደ ሚካኤል ቤቱ ድግስ ደገሰ። ሥጋው ለአሥር ሰው ሳይሆን ለአሥር ክፍለ ጦር የሚበቃ ነው፤ ትሪው ላይ ሄሊኮፕተር ያርፋል። ዓምደ ሚካኤል ቁጭ አላለም፤ እጅጌውን ሰብስቦ እየዞረ ጎራሹን ሁሉ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» እያለ አጎረሰ። አንተስ ሲሉት «አስተናጋጅ መጨረሻ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አንድ ነገር ግን ተረስቶ ነበር፤ የሙስሊሞቹ ትሪ። አብሮ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዳው ለብቻ አሳርዶ፣ ለብቻ አሰርቶ ያቀርባል። ያን ቀን ቶይባና ሌላው ሾፌር አሕመድ በአምባሻና በለስላሳ ዋሉ። ዓምደ ሚካኤል ሲያውቅ ራሱን ይዞ ይቅርታ ጠየቀ። አሕመድ ስቆ አለፈው። ቶይባ ግን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች።

«አንተ እኛን ከረሳህ፣ እኔም ካንተ እጅ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ረስቼዋለሁ!»

የሌላ ሰው ኩርፊያ በሳምንት ይበርዳል። የቶይባ በየጊዜው ይታደስ ነበር፤ እንደ መንጃ ፈቃድ።

ጥቂት ዓመታት አለፉና ካምፓኒው እጁ ላይ ገንዘብ ተረፈው። ዓምደ ሚካኤል በስብሰባ መሀል ተነሳ። «ወንድሞቼ» አለ በዚያ ድምፁ፣ «የቸገረው ሰው ሼሩን ለውጭ ሰው ቢሸጥ ባዕድ መሀላችን ገባ ማለት ነው። እንዲህ ከሚሆን መሸጥ የፈለገ ካለ ካምፓኒው ራሱ ይግዛው።» አጨበጨቡ። ሐሳቡ እውነትም ጥሩ ነበር፤ ክፋት የለበትም። ጠበቃው በእንግሊዝኛ አብራራላቸው፤ ካምፓኒው መልሶ የገዛው ሼር ይሰረዛል፣ በሰው እጅ የሚቀረው ሼር ቁጥርም በዚያው ልክ ይቀንሳል። «ኦኬ፣ ኦኬ» አሉ። እራት እየቀዘቀዘ ስለነበር የጠየቀ የለም።

ከዚያ ወዲያ ዓምደ ሚካኤል ችግርን ከሩቅ የሚያሸት ሰው ሆነ። አንድ ሰው ማስነጠሱን ከሰማ ኮል ያደርጋል። «ሰማሁ እኮ! ካምፓኒው እያለ ትቸገራለህ? በሞቴ፣ አንድ ሼር ብቻ ሽጥና ተንፈስ በል!» ወልደ ሥላሴ ቤት ሊገዛ ሸጠ። አዲስአለም ልጁን ሊድር ሸጠ፤ ሠርጉ አላልቅ ሲል ደግሞ ሸጠ። አሕመድ ሁሉንም ጠቅልሎ ሸጠና ሚኒያፖሊስ ገባ። የሚከፈላቸው የጊዜው ትክክለኛ ዋጋ ነው፤ ቼኩ አንድ ቀን አላደረም፣ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ሰዉ ዓምደ ሚካኤልን እየመረቀ ከትሪው ተነሳ።

መድሃኔም ሸጠ። ለኢሳቅ የጥርስ ብሬስ ሸጠ። ለእናቱ ተዝካር ሸጠ። የሚስቱ የኣድሓነት መኪና ሞተሩ ሲነክስ ሸጠ። አንዷን ደግሞ ምንም ሳይቸግረው ሸጠ፤ አበልጁ ሁለቴ «በሞቴ» ብሎት ሦስተኛ ማስባል አሳፈረው።

አንድ ምሽት ዓምደ ሚካኤል እነመድሃኔ ቤት ቼክ ይዞ መጥቶ ሳለ፣ ያኔ ገና ተማሪ የነበረው ኢሳቅ ከስልኩ ቀና አለና፣ «ዳድ፣ ሀው ሜኒ አር ሌፍት?» አለ። በጠቅላላው ስንት ሼር ቀረ ማለቱ ነው። መድሃኔ ፊቱ በርበሬ መሰለ። የክርስትና አባት ፊት! እንደ ፖሊስ! «ዝም በል! ክፍልህ ግባ!» አለው። ዓምደ ሚካኤል ሳቅ ብሎ «ተወው፣ ልጅ አይደል» አለ። ተወው አለ እንጂ ስንት እንደቀረ አልተናገረም። መድሃኔም ይህን ከትሕትናው ቆጠረለት።

ባለፈው ዓመት የተሰበሰቡት ካባ ሊያለብሱት ነበር። ሊቀመንበሩ ሁሉን አብልቶ እሱ ሳይቀምስ፣ ከአሥር ሼሩ አንዷን እንኳ ለራሱ ችግር ሳይሸጥ ስለኖረ፣ ወርቅ ጥልፍ የበዛበት፣ ያየው ሁሉ ጳጳስ መጣ ብሎ ለመሳለም የሚጎነበስለት ካባ ተገዛለት። ንግግሩን ያደረገው መድሃኔ ነው። «እንዲህ ያለ ሰው» ብሎ ጀመረና ለቅሶ ቀደመው፤ ቀሪውን ንግግር በመሐረብ ጨረሰው።

መድሃኔ እጁ ላይ የቀረችው አንዲት ሼር ናት። እሷንም ያስቀራት ብልጠት እንዳይመስላችሁ። ትሪ ላይ የመጨረሻዋን ቁራሽ ጠርጎ መብላት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው።

ታዲያ በቅርቡ አንድ ማክሰኞ ዓምደ ሚካኤል ስካይዌይ ካፌ ጠራው። በሩ ላይ የተለመደውን ያህል ቆዩ፤ ፉሉ ቀዘቀዘ፣ ሁለተኛ ታዘዘ።

«አበልጄ» አለ ዓምደ ሚካኤል ዳቦውን እየቆረሰለት፣ «ያቺ አንዷ ሼርህ አላሰለቸችህም?»

«ምን ታሰለቸኛለች? ድመት አይደለች፣ ምግብ አትጠይቀኝ።»

«ለአንዲት ሼር በየዓመቱ ስብሰባ፣ በየዓመቱ የታክስ ወረቀት። በሞቴ፣ ስጠኝና ተገላገል። እጥፍ አድርጌ ነው የምሰጥህ።»

«ካምፓኒው እጥፍ መክፈል ጀመረ እንዴ?»

«ካምፓኒውን ለምን እናስቸግራለን? ከኪሴ ነው።»

መድሃኔ ማንኪያው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ከኪሱ! «አይደረግም! አንተን አራቁቼ?»

«በሞቴ!»

«እንዴ፣ አበልጄ...»

«ልቅበር!»

ልቅበር ከተባለ ምን ይባላል? «በቃ እሺ፣ ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ልፈርምልህ» አለ መድሃኔ። ቀኑን ሙሉ ቫኑን ሲነዳ በደግነቱ ሲገረም ዋለ።

ሐሙስ ጠዋት ቶይባ መኪናዋን ሜዳው ላይ ፓርክ አደረገች። አሕመድ ልጅ ሊድር ስለሆነ ሚኒያፖሊስ ደርሳ ለቅዳሜ ልትመለስ ነው። ቫኑ ውስጥ ከሷ ሌላ የጎልፍ ዱላ የታቀፈ አንድ ነጭ ሽማግሌ ብቻ አለ። መድሃኔ ገና ከግቢው ሳይወጣ የምሥራቹን ነገራት።

«ከኪሱ ነው ቶይባ! ካምፓኒውን አላስቸግርም አለ! አሁንም ኩርፊያሽ አልበረደም?»

ቶይባ ቀበቶዋን ፈታች። «ወላሂ፣ አንተን የወለደች እናት ምን አብልታ አሳደገችህ? ማር ብቻ? ስማ፣ ስንጀምር ስንት ነበርን?»

«አሥር።»

«ሰዉን አላልኩም። ሼሩን።»

«መቶ።»

«አሁን ስንት ቀረ?»

መድሃኔ መሪው ላይ በጣቶቹ መቁጠር ጀመረ፤ ቁጥሩ ጠፋበት። ያን ሁሉ ጊዜ «ስንት ሸጥኩ» ብሎ ያውቃል፤ «ስንት ቀረኝ» ብሎም ያውቃል። በጠቅላላው በሰው እጅ ስንት እንዳለ ግን ከኢሳቅ በቀር የጠየቀ አልነበረም።

«ሃያ አንድ» አለች ቶይባ። «ሰባቱ ሰዎች ጠቅልለው ሸጠው ወጡ፤ አንተ ዘጠኙን ሸጥክ። ካምፓኒው የገዛው ሼር ይሞታል፤ ለቅሶ የለው፣ ድንኳን የለው፣ ሰተት ብሎ ይሞታል። እኔ አሥር፣ እሱ አሥር፣ አንተ አንድ። ሜዳው ግን ጠበበ? አንድ ጉድጓድ እንኳ አልቀነሰም! በፊት ለመቶ ይቆረስ የነበረው ያው ሜዳ ነው ዛሬ ለሃያ አንድ የሚቆረሰው።»

«ታዲያ አንቺ ምን አድርገሽ...»

«እኔማ ምን አደረግኩ? አኩርፌ ቁጭ አልኩ! በየዓመቱ የትርፍ ድርሻዬ ሲያብጥ አየሁና አንድ ቀን አካውንታንቴን ጠየቅኩት። ከመቶ አሥር የነበረኝ ሴትዮ ግማሽ ልሞላ ምንም አልቀረኝም አለኝ። አንዲት ሼር አልገዛሁ፣ ሳንቲም አልጨመርኩ። በአሜሪካ ታሪክ በኩርፊያ የከበረ ሰው ካለ እኔ ነኝ። አላህ ይስጠው፣ ያን ቀን የኛን ትሪ ባይረሳ ኖሮ እኔም እንዳንተ ጎርሼ ጎርሼ ወጥቼ ነበር።»

ኤርፖርቱ ደረሰ። ቶይባ አልጨረሰችም። መድሃኔ አላቆመም፤ መውረጃውን አለፈና ዞሮ ሁለተኛ ገባ።

«ዋጋውን ግን ሰጥቶኛል» አለ መድሃኔ፤ ድምፁ ቀጥኗል። «በልጄ ጥርስ ደርሶልኛል።»

«በማን ገንዘብ?»

«በካምፓኒው።»

«ካምፓኒው የማን ነበር?»

«የኛ።»

«ሶ? ታዲያስ?»

መድሃኔ ያን የመጀመሪያ ድግስ አስታወሰ። ያን ትሪ። ዓምደ ሚካኤል እጅጌውን ሰብስቦ እየዞረ ሲያጎርስ፣ ጉርሻው ከየት ነበር የሚጠቀለለው? ከራሳቸው ትሪ ነው። የራሳቸውን ምግብ በእሱ እጅ እየጎረሱ፣ አፋቸው ሞልቶ እየመረቁት፣ አንድ በአንድ «ጠገብኩ» እያሉ ተነሱ። ሰው ከትሪ ሲነሳ ትሪው አይነሳም። የቀረው ለቀረው ነው። እና አስተናጋጅ መጨረሻ ነው።

ሦስተኛ ዞሩ። ሽማግሌው የጎልፍ ዱላውን አቅፎ በመስኮት ተራራውን ያያል፤ ጉብኝቱ በዋጋው ውስጥ መካተቱ ደስ ብሎታል።

«ታዲያ አሁን ለምን ከኪሱ?» አለ መድሃኔ።

«እሱን ነው መጠየቅ ያለብህ! አንዷን ሼርህን ካምፓኒው ቢገዛት እሷም ትሞታለች። እኔ አሥር፣ እሱ አሥር፤ እኩል ሆንን፣ ማንም ማንንም አያዝም። ከኪሱ ሲገዛት ግን አትሞትም፤ አብራው ትሄዳለች። አሥራ አንድ ለአሥር! በደንባችን ሜዳውን ለመሸጥ ከግማሽ በላይ ድምፅ ይበቃል። ኦበርን ከተማ መጋዘን የሚሠሩት ሰዎች ሜዳውን እንግዛ ካሉ ስንት ጊዜያቸው። እንሽጥላቸው ብሎ እኔን ጠየቀኝ፣ አይሆንም አልኩት። አንተን ጠየቀህ?»

መድሃኔን አልጠየቀውም። ስለ መጋዘን የሰማው ነገር የለም። ማክሰኞ ፉል አብረው ሲበሉ፣ ዳቦ ሲቆርስለት፣ ስለ መጋዘን አንድ ቃል አልወጣም።

«ዋሽቶኛል ማለት ነው?»

ቶይባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አለች። «አልዋሸህም መድሃኔ። እሱ እኮ ነው የሚያቃጥለው። አንድም ቀን አልዋሸህም።»

ሽማግሌው ሲወርድ ሃያ ዶላር ጉርሻ ሰጠው። መድሃኔ ብሩን እያየ፣ ጉርሻ የሚባል ነገር ሁሉ አስጠላው።

ቤት ሲገባ ለኣድሓነት ነገራት። እሷ ነገሩ ሲገባት ብዙ አልጮኸችም፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «ካባውን ያኔ ማን ነው የመረጠው?» አለች።

«እኔ።»

«ጥልፉ ይብዛ ያልከውስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይብዛ ብለህ አስጨምረህ ከፍለሃል እኮ።»

መድሃኔ ሲፈርስ ያየችው ያኔ ነው። ሼሩ አይደለም። ገንዘቡስ ተበላ፤ ጥርሱ ተስተካከለ፣ ተዝካሩ ወጣ። ያ ንግግር ነው ያፈረሰው፤ ያ ለቅሶ፣ ያ መሐረብ። ሰው ንብረቱን ሲወስዱበት መናደድ ያለ ነው፤ ለወሰደው ሰው አልቅሶ ካባ ማልበስ ግን ለብቻው የሚታከም በሽታ ነው።

ቅዳሜ ስብሰባው ሜዳው ላይ ባለችው ኮንቴነር ቢሮ ነበር። ባለድርሻ ሦስት ሰው ብቻ ስለቀረ አዳራሽ መከራየት ቀርቷል። ዓምደ ሚካኤል ቀድሞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትሪ ደርድሯል። አንዱን ወደ ቶይባ ገፋ አደረገው።

«ይሄ ያንቺ ነው። ሐላል ነው፤ ከራሳችሁ ሰዎች ሱቅ ነው ያሠራሁት።»

ቶይባ ትሪውን አየች፤ እሱን አየች፤ እንደገና ትሪውን አየች። «አይ ዓምደ ሚካኤል! ዛሬ ትዝ አልንህ? ሜዳውን ልትሸጥ ስትል? ያን ጊዜ ያሳረድክልን ከሆነ ሥጋው ሳይበላሽ አይቀርም።»

ዓምደ ሚካኤል እንዳልሰማ ሆነ። ወንበር ስቦ መድሃኔን አስቀመጠው፤ ወረቀቱን አወጣ፣ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደመ። ቼኩ ከጎን አለ። ከዚያ ጉርሻ ጠቀለለ፤ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል።

«በል አበልጄ፣ መጀመሪያ ይቺን። በሞቴ!»

መድሃኔ ጉርሻውን አየ። አፉ ከልማዱ ሊከፈት ምንም አልቀረውም፤ ታግሎ ያዘው።

«ስንት ቀረ?» አለ።

«ምኑ?»

«በጠቅላላው። ስንት ሼር ቀረ?»

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ከጉርሻው ጫፍ የወጥ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።

«እኔና አንተ እንዲህ ነው እንዴ የምንነጋገረው?» አለ ዓምደ ሚካኤል። ያ የሽማግሌ ድምፅ አሁንም አብሮት አለ። «ይቺ ሴትዮ ምን ብላህ ነው?»

«ሃያ አንድ ነው አይደል?»

«ነው! ሃያ አንድ ነው! ማን ደበቀ? በየዓመቱ ሪፖርቱ ላይ ይጻፋል። አስገድጄ የገዛሁት ሰው አለ? ከዋጋ ያጎደልኩበት አለ? ስትቸገር ማን ደረሰልህ መድሃኔ?»

መድሃኔ ደነገጠ። በስሙ ከጠራው ስንት ጊዜ ነው?

«አንተ ደረስክልኝ» አለ። «አንተ ግን አንድም ቀን አልቸገረህም?»

«እኔማ...»

«ወልደ ሥላሴ ቸገረው፣ አዲስአለም ቸገረው፣ እኔ ቸገረኝ። ያንተ ቤት ጣራ ሲያፈስ አይቻለሁ፤ ባልዲ ስር ቁጭ ብለን ካርታ ተጫውተናል። ያኔ አንዷን ሼርህን ለካምፓኒው ያልሸጥካት ለምንድን ነው?»

ዓምደ ሚካኤል ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። «እኔ ብሸጥ እናንተ ትደነግጡ ነበር» አለ፤ ከዚያ፣ «እኔ ብቀር ለሁላችሁም...» ብሎ ጀመረና ተወው። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ እንደተከለ፣ «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። አልጠየቅከኝም» አለ።

«ልጄ ጠየቀህ።»

ዓምደ ሚካኤል ወረቀቱ ላይ የወደቀውን ወጥ በጣቱ ጠረገ።

«ኢሳቅ ጠየቀህ። የክርስትና ልጅህ። ሶፋዬ ላይ ተቀምጠህ። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ላንተ ክብር ብዬ።» መድሃኔ ዛሬ መሐረቡን አላወጣም። «ያኔ ሳቅክ እኮ። ተወው ልጅ ነው አልከኝ። ስንት እንደቀረ አፍህ ላይ ነበር፤ ሳቅክ።»



ዓምደ ሚካኤል ቼኩን በሁለት ጣት ገፋ አደረገው። «እሺ፣ ሦስት እጥፍ። አንዲት ሼር ምን ትሠራልሃለች? ከሃያ አንድ አንዷ!»

«ትቀመጥልኛለች።»

«ለምን? ንገረኛ!»

መድሃኔ በሕይወቱ ሙሉ፣ በየሰው ቤት፣ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ አንድም ቀን ከአፉ ያላወጣውን ቃል አወጣ።

«አልጠገብኩም» አለ።

ድምፅ ተሰጠ። ሜዳው ይሸጥ የሚል አሥር፣ አይሸጥም የሚል አሥራ አንድ። ቶይባ ውጤቱን ጮክ ብላ አነበበች፤ ሦስት ሰው ላለበት ኮንቴነር ሳይሆን ለመላው ደቡብ ሲያትል የምታውጅ ትመስል ነበር። ዓምደ ሚካኤል ቼኩን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ኮቱን አነሳ። መድሃኔም የቫኑን ቁልፍ አነሳ። ሁለቱም ወደ በሩ ሄዱና እኩል ደረሱ።

መድሃኔ ከልማዱ ቆመ። ግማሽ እርምጃ ወደኋላ አለ፤ እጁ ሳያዘው ወደ በሩ ተዘረጋ። ተናዶ ነበር፤ ከዚያ ሰው ጋር ዳግም ትሪ እንደማይቀርብ ያውቃል። ቢሆንም ጆሮው ያችን «ቅደም» ትጠብቅ ነበር። ብትባል ኖሮ አይቀድምም ነበር፤ መባሏን ግን ፈለገ።

ዓምደ ሚካኤል በሩን ገፋና ወጣ። ሁለቱ በተዋወቁበት ዘመን ሁሉ በር እንዲህ በፍጥነት ተከፍቶ አያውቅም። የመኪናው ሞተር ተነሳ፤ ጉድጓዶቹን ሳይጠነቀቅላቸው እየነረተ ሄደ።

መድሃኔ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ትወጣለህ ወይስ በሩንም በሼር ገዛኸው?» አለች ቶይባ ከኋላው። ትሪዋን ሳትነካ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። ወደሱ ስትጠጋ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አብሽር። ና፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ቫኑ አጠገብ ሁለት ሻንጣ የያዘች ወጣት ቆማለች። መድሃኔ ሻንጣዎቹን ጫነላት፣ ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ። ልጅቷ ቀበቶዋን እያሰረች በመስኮት መኪናዎቹን አየችና «ጥሩ ቦታ ነው፤ የእናንተ ነው?» አለችው።

መድሃኔ እንደ ወትሮው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ያቺ «የኛ» የምትለው ቃል አልመጣችለትም። በመስታወቱ ወደኋላ አየ፤ ኮንቴነሩ፣ ሁለቱ ያልተበሉ ትሪዎች ያሉበት መስኮት፣ የዓምደ ሚካኤል መኪና ቆሞ የነበረበት ባዶ ቦታ።

«ትንሽ የኔ ነው» አላት፣ ማርሹን እያስገባ።